አራት ገጽ ስለ ጉንጫችን

ስለ ጫት ያልተባለ ነገር የለም። የሚጠላው «የትውልድ ነቀርሳ» ይለዋል፤ የሚወደው «የጨዋታ አባት» ይለዋል። የመንግሥት ሰው የውጭ ምንዛሪውን ይቆጥራል፤ ሰባኪው ኃጢአቱን ይቆጥራል፤ ልብ ወለድ ጸሐፊው ደግሞ ምርቃናውን እንደ መድረክ መብራት እያበራና እያጠፋ ገጸ ባሕርያቱን ያናግርበታል። በዚህ ሁሉ ወሬ መካከል አንድ ተራ ጥያቄ ተረሳ። ነቀርሳ የሚለው ስድብ እስኪሰለች ድረስ ተደጋገመ፤ ጫት በእርግጥ ነቀርሳ ያመጣ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጠፋ። ስድቡ መልስ መስሎን ጥያቄውን ሸኘነው።

ጫት መጀመሪያ የሚያርፈው በነፍስም፣ በኪስም፣ በሀገር ኢኮኖሚም ላይ አይደለም። ጉንጭ ውስጥ ነው። ይህን ለመመስከር ደግሞ ከደቻቱ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍለው የአሸዋ ወንዝ ስሙን ለሰፈሩም አውሶታል። ከቀትር በኋላ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ከአወዳይ በኩል የወረደው ጫት በየእጁ ይገባል፤ ምንጣፉ ይነጠፋል፤ ውሃው፣ ለውዙ፣ ሻዩ ይቀርባል፤ በርጫው ይጀመራል። አሥር ሰዓት ላይ በየጥላው ሥር የተቀመጠውን ሰው የሚያይ እንግዳ ከተማው በሙሉ አንድ ጥርሱን የታመመ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ለነዋሪዎቹ ግን ያበጠ ጉንጭ የጨዋታው አካል ነው። ከዚያ ጉንጭ በስተጀርባ ምን እንደሚካሄድ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ኢትዮጵያዊ ጠይቆ ነበር። ዛሬ የምገመግመው የእርሱን ጽሑፍ ነው። ልብ ወለድ አይደለም፤ ግጥምም አይደለም። በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) «ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦቭ ካንሰር» በተባለው መጽሔት 92ኛ ቅጽ ላይ የወጣ፣ አራት ገጽ ብቻ የሆነ የሳይንስ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ዶክተር ፈቃዱ ካሴ ናቸው። አብረዋቸው በቪየና ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ዚግፍሪድ ክናስሙለርና ሌሎችም አሉ። የጽሑፉ ርዕስ በአማርኛ ሲመለስ፣ ጫት መቃም በሰው ሕዋስ የዘር ቁስ ላይ ጉዳት ያደርሳል እንደ ማለት ነው። ስለ በርጫ ከተጻፉት ሁሉ ጥብቁ ሂስ ይህ አራት ገጽ ነው ባይ ነኝ። እንዲህ ያሰኘኝን ምክንያት ላስረዳ፤ ቀጥሎም ቅሬታዬን እናገራለሁ።

* * *

ጽሑፉ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። ከእርሱ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በሳዑዲ ዓረቢያ አሲር በሚባለው ክፍለ ሀገር የሚሠሩ ሐኪሞች የራስና የአንገት ካንሰር የያዛቸውን 28 ሕሙማን መዝገብ አገላበጡ። ከመካከላቸው 10ሩ የቆዩ ቃሚዎች ሆነው ተገኙ። ሲጋራ አያጨሱም። ከ10ሩ የ8ቱ ካንሰር የወጣው አፍ ውስጥ ነበር። አንዳንዶቹ ዘንድ ደግሞ ቁስሉ የወጣው ጫቱን ይዘው በሚያቆዩበት ቦታ ላይ ነው። ይህ የሚያስደነግጥ ወሬ ነው፤ ማስረጃነቱ ግን ደካማ ነው። በቃሚ ሀገር የታመመ ሰው ቃሚ ሆኖ ቢገኝ ምን ያስደንቃል? በድሬዳዋ እግሩን የተሰበረውም ቢጠየቅ ቃሚ ሊሆን ይችላል።

እነ ዶክተር ፈቃዱ የመረጡት መንገድ ሌላ ነው። የታመመውን ትተው ጤነኛውን አዩ፤ ካንሰሩን ሳይጠብቁ ሕዋሱን ጠየቁ። የተጠቀሙበት ዘዴ ለማስረዳት አያስቸግርም። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል በውስጡ ያሉትን ክሮሞሶሞች ለሁለት ልጆቹ እኩል ማውረስ አለበት። አንዳንድ ጊዜ ግን አንድ ክሮሞሶም ወይም ስባሪው ከውርሱ ተቆርጦ ይቀራል። የቀረው ብቻውን ይጠቀለልና ከዋናው ኒውክለስ አጠገብ ትንሽ ክብ ሆኖ ይታያል። ባለሙያዎቹ ማይክሮኒውክለስ ይሉታል፤ እኛ ግልገል ኒውክለስ ብንለው ያስኬዳል። ለምርመራው ቢላዋም ደምም አያስፈልግም። የጉንጭን ውስጥ ቀስ ብሎ ፋቅ ማድረግ፣ የተፋቀውን በመስታወት ላይ መቀባት፣ ቀለም መንከር፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር ተቀምጦ ግልገሎቹን መቁጠር ነው። ዘዴው ቀድሞም የታወቀ ነው። በካናዳ የሚሠራው ሃንስ ስቲች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእስያ የአሬካ ፍሬና ትንባሆ የሚያኝኩ ሰዎችን ጉንጭ የመረመረው በዚሁ ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሲጋራ የማያጨሱና አልኮል የማይጠጡ 30 ሰዎች ተመረጡ፤ 10ሩ ጫት የማይቅሙ፣ 20ው ቃሚዎች። በቃሚዎቹ ጉንጭ ውስጥ ግልገል ኒውክለስ ያለባቸው ሕዋሳት 8 እጥፍ ሆነው ተገኙ። ብዙ በሚቅመው ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ግልገሎቹ የተሰበሩ ቁርጥራጮች ናቸው ወይስ ሙሉ ክሮሞሶሞች? ክሮሞሶም ወገብ አለው። ወገቡ ከተገኘ ሙሉው ቀርቷል ማለት ነው። ብዙ በሚቅሙት ሰዎች ዘንድ ከግልገሎቹ 81 ከመቶው ወገብ ያላቸው ሆኑ። ስለዚህ በአመዛኙ የታየው የመሰባበር ጉዳት ሳይሆን የአከፋፈል ጉዳት ነው፤ አንዱ ልጅ ሲጎድልበት ሌላው ሊበዛበት ይችላል። ጀርመናዊው ቴዎዶር ቦቬሪ እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ ካንሰር የሚጀምረው ከተዛባ የክሮሞሶም ክፍፍል ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር። ይህ የቆየ ሐሳብ በቃሚ ጉንጭ ውስጥ እንደገና ሲነሣ ማየት ደስ የሚል ነገር ባይሆንም የሚያስተምር ነው።

* * *

አሁን ወደ ሂሱ ልግባ። የጽሑፉ የመጀመሪያ ብርታት መለየት መቻሉ ነው። በእኛ ሀገር ስለ ጫት የሚጻፈው ጽሑፍ ትልቁ ድክመት ሁሉን ነገር በአንድ ጆንያ መክተቱ ይመስለኛል። ሥራ አጥነቱ፣ ሺሻው፣ ትዳር መፍረሱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ስንፍናው በአንድነት «የጫት ጣጣ» ተብለው ይታሰራሉ። እነ ዶክተር ፈቃዱ ግን ሲጋራውንና መጠጡን አውጥተው ጫቱን ብቻውን አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ነው ሦስቱን መልሰው አንድ ላይ ያዩዋቸው። ያገኙትም የሦስቱ ጉዳት አንዱ በአንዱ ላይ እንደሚደመር ነው።

ይህ ግኝት ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ ስም አለው። በርጫ ያለ ሲጋራ ለብዙዎች በርጫ አይደለም። ማታ ደግሞ ምርቃናው እንዲሰበር ጨብሲ አለ። በእኛ ልማድ ጫት፣ ሲጋራና አልኮል የአንድ ቀን ሦስት ምዕራፎች ናቸው። ጨብሲ የምንወጣው ጫቱን ለማውረድ፣ ሰውነትን ለማሳረፍ ነው እንላለን። ጉንጩ ግን የሚያርፍበት ሰዓት አላገኘም፤ ሒሳቡ አልተቀነሰለትም፤ ተደመረበት እንጂ። ቪየና ላይ የተቆጠረው ቁጥር የደቻቱን አመሻሽ ቁጭ ብሎ ያየ ይመስላል።

ሁለተኛው ብርታት ታማኝነቱ ነው። ተመራማሪዎቹ የጉንጭን ብቻ ሳይሆን የሽንት ፊኛን ሕዋሳትም መርምረዋል። እዚያ ጫት ያመጣው ለውጥ አልታየም፤ አልታየም ብለውም ጻፉ። ፀረ ጫት ተሟጋች ቢሆን ኖሮ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብሎ ምንጣፍ ሥር ይከታት ነበር። መደምደሚያቸውም እንዲሁ ቁጥብ ነው፤ ጫት፣ በተለይ ከትንባሆና ከአልኮል ጋር ሲሆን፣ ለአፍ ካንሰር መንስኤ ሊሆን እንደሚችል ነው የተናገሩት። «ይሆናል» እና «ሊሆን ይችላል» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ማክበር የጸሐፊ ሙያ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን በአንድ እርምጃ እንሻገረዋለን።

ጽሑፉን ለጥቂት ወዳጆቼ በአማርኛ እያስረዳሁ በደቻቱ አንድ በርጫ ላይ አንብቤላቸዋለሁ። አንዱ ወጣት «በቃ፣ አለቀልን!» ብሎ ሳቀ። በዕድሜ የሁላችን አባት የሚሆን፣ ድሬ አንቱታ አታውቅምና ሁላችንም አንተ የምንለው ሰው ግን ጉንጩን ወደ ሌላው በኩል አዛውሮ ጠየቀኝ፤ «አቦ ቆይ፣ ስምንት እጥፍ ስትል፣ የምን ስምንት እጥፍ?»

ከዚህ የተሻለ የሐያሲ ጥያቄ አልሰማሁም። 8 እጥፍ የሆነው ካንሰሩ አይደለም። 8 እጥፍ የሆነው ግልገል ኒውክለስ ያለበት ሕዋስ ነው፤ ያውም ከሺዎቹ መካከል በጣት ከሚቆጠር ቁጥር ተነሥቶ። ግልገሉ ሕዋስ ራሱ ደግሞ ከጉንጭ ልጣጭ ጋር ተልጦ የሚወድቅ ነው። እንደዚያ ብዬ መለስኩለት። «ታዲያ ምልክት ነው በለኛ!» አለኝ። አዎ፣ ምልክት ነው።

ምልክትን ለመናቅ ደግሞ ደቻቱ ላይ የሚኖር ሰው የመጨረሻው መሆን አለበት። ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም። አሸዋውን እንደ መንገድ እንሻገረዋለን፤ ይነገድበታል፤ ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ያ አሸዋ ጎርፍ ሆኖ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ የዘነበው በደጋው ነው፤ የሞተው ቆላ ላይ የተኛው ሰው ነው። መንስኤና ውጤት በቦታ እንደሚራራቁ ያን ሌሊት ተማርን። በጊዜም ይራራቃሉ፤ የአፍ ካንሰር በጉንጭ ላይ ከሚወርደው ነገር አሥርና ሃያ ዓመት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ግልገል ኒውክለስ በደጋ ላይ የታየች ደመና ናት። ደመና ሁሉ ጎርፍ አይሆንም። ሰማዩን የሚያይ ሰው መኖር ግን አለበት።

* * *

ቅሬታዬን ልንገር ብያለሁ። የመጀመሪያው፣ 30 ሰው ጥቂት ነው። ሁለተኛው፣ ጽሑፉ ጫትን እንደ አንድ ቅጠል ይመለከተዋል። የሐረርጌ ሰው ግን ለጋውን ከደረቁ፣ ውዱን ከርካሹ፣ ቀንበጡን ከገራባው ለይቶ ያውቃል። ገራባ ለቃሚ የሚተርፈውና ድሀው የሚሰበስበው ቅጠል ይኸው ቁጥር ይኖረው ይሆን? ሦስተኛው፣ ቅጠሉ ብቻውን አይመጣም። በኋለኞቹ ዓመታት የተደረጉ ምርመራዎች በኢትዮጵያ ጫት ላይ ዲዲቲን ጨምሮ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አግኝተዋል። ጉንጩን የሚጎዳው ጫቱ ነው ወይስ የተረጨበት? አራቱ ገጾች ለዚህ አይመልሱም።

ከፊሉን ሌሎች ሞክረውታል። በኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኬንያዊው ኦቺባ ሉካንዱ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 የጫትን ጭማቂ በቤተ ሙከራ በሚያድጉ የአፍ ሕዋሳት ላይ አፍስሶ ሕዋሳቱ ሲጎዱና ሲሞቱ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ሕዋስን በብርጭቆ ውስጥ ማየትና ሰውን በሰፈሩ ለ20 ዓመት መከታተል አንድ አይደሉም። የአፍ ካንሰር በአንድ ምት አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ሲድራንስኪ ቡድን እንዳሳየው፣ ጤነኛው የአፍ ልባስ ወደ ካንሰር የሚሄደው የዘረመል ጉዳት በጉዳት ላይ እየተከመረ፣ ደረጃ በደረጃ ነው። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ስሎተር የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የአፍ ካንሰር የአንድ ነጥብ በሽታ እንዳልሆነ፣ ዕጢው ያለበት ዙሪያ ማሳው በሙሉ እንደሚታመም ጽፎ ነበር። ማሳ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለሐረርጌ ገበሬ ማስረዳት አያሻም። በአሬካ ፍሬ ላይ የእስያ ሳይንቲስቶች ይህን የረጅም ጊዜ ሥራ ሠሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ሰነድ ፍሬውን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ተራ መደበው። በጫት ላይ ግን ክርክሩ እንደተንጠለጠለ ነው። የተንጠለጠለው ጫት ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ አይደለም፤ በበቂ የጠየቀ ስለጠፋ ነው።

ዶክተር ፈቃዱስ? ሥራቸውን እንደ አንድ ደራሲ መጻሕፍት በተርታ ሲያነቡት ደስ የሚል ክር ይታያል። ከጫቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ እዚያው ቪየና ሆነው ስለ ፌጦ ጻፉ። አዎ፣ እናቶቻችን ለሆድ ቁርጠት የሚያጠጡን ፌጦ! ሥጋ ሲጠበስ የሚፈጠር አንድ መርዝ በአይጦች ጉበትና አንጀት ላይ የሚያደርሰውን የዘር ጉዳት የፌጦ ጭማቂ እንደሚቀንስ አሳዩ። ከዚያ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከጎመን ወገን ዕፅዋት የሚገኝ ንጥረ ነገር የትንባሆ መርዝ በተሰጣቸው አይጦች ሳንባ ውስጥ የሚወጣውን ዕጢ እንደሚገታ ያሳተሙት እዚያ ሆነው ነው። ጫት፣ ፌጦ፣ ጎመን፤ የሕዋስን ውርስ የሚያዛባው ምንድን ነው፣ የሚጠብቀውስ? ጥያቄው አንድ ነው፤ የተለወጠው ቅጠሉ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ ጉዞው ከአፍ ወደ ሳንባ፣ ከጫት ወደ ትንባሆ ሆነ። በዚህ ሰውየውን አልወቅስም። ሳይንቲስት ጥያቄውን የሚከተለው ቤተ ሙከራና ገንዘብ ባለበት ነው። ትንባሆ የአሜሪካም የአውሮፓም ችግር ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ አለው። ጫት ግን የእኛ፣ የየመን፣ የሶማሊያ፣ የጂቡቲ፣ የኬንያ ጉዳይ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ጫትን ስታግድ ሥራው አለቀላት፤ ማገድ እንጂ ማወቅ አላስፈለጋትም። እኛ ደግሞ አላገድንም፣ አላወቅንም። እየሸጥን፣ እየቃምን፣ እየተሳደብን ቀጠልን።

የቋንቋው ነገርም አለ። የታሪክ ምሁሩ ሕዝቅኤል ገቢሳ የሐረርጌ ገበሬ ከ1875 እስከ 1991 (እ.ኤ.አ.) እንዴት ወደ ጫት እንደዞረ የሚተርክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ርዕሱ ሲመለስ «የአላህ ቅጠል» ነው። እርሳቸው የምድሩን ማሳ ጻፉ፤ ዶክተር ፈቃዱ የጉንጩን ማሳ ጻፉ። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ሁለቱም ውጭ ሆነው በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት። ገበሬውም ቃሚውም ስለ ራሱ የተጻፈውን ማንበብ አልቻለም። የተርጓሚዎቻችን ብርታት ለፍቅር ልብ ወለድና ለስለላ ታሪክ ሲተርፍ፣ አራት ገጽ መመለስ እንዴት አቃተን? ጋዜጦቻችንም ቢሆኑ ሲጠቅሱት «ጫት ካንሰር ያመጣል ተባለ» በሚል አንድ መስመር ነው። ይህ መስመር ሁለት ጊዜ ይዋሻል። ጽሑፉ ያላለውን ያስብላል፤ ያለውን ደግሞ ይደብቃል። ያለው ነገር ለቃሚው የሚጠቅም ነበር። ብዙ ሲቃም ይብሳል፤ ሲጋራ ይደመርበታል፤ ጨብሲ ይደመርበታል። ጫቱን መተው ያልቻለ ሰው ሲጋራውንና ጨብሲውን ሊተው ይችል ይሆናል። «ትውልድ ገዳይ» ከሚለው ጩኸት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ምክር አይወጣም።

የጉንጭ ልባስ በየጥቂት ሳምንቱ ራሱን ይለውጣል። ስቲች በመረመራቸው የእስያ ሰዎች ቫይታሚን ኤና ከካሮት ወገን የሚገኘው ቤታ ካሮቲን ሲሰጣቸው ግልገል ኒውክለስ ያለባቸው ሕዋሳት ቁጥር ወርዶ ታይቷል። እንግዲህ ምልክቱ ሊቀለበስ ይችላል። የማይቀለበሰው ዘግይቶ የታየው ካንሰር ነው። አፍ ውስጥ በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ ያልለቀቀ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ እብጠት ለሐኪም መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ካንሰር ከሆነ ግን ገና ትንሽ ሳለ የተገኘው የመዳን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህ ጉዳይ ደግሞ መስታወት ይዞ አፍን ከፍቶ ከማየት ይጀምራል፤ ዋጋም የለውም።

ከዚህ ጽሑፍ የምጠብቀው ቀጣይ ክፍል በሐረርና በድሬዳዋ እንዲጻፍ ነው። ቃሚው ከማይቅመው፣ አጫሹ ከማያጨሰው ተለይቶ፣ በስሙ በሰፈሩ ሳይሆን በቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ለዓመታት በትዕግሥት የሚታይበት። ሲያልቅ ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚታተም። እስከዚያ ድረስ «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ለስድብ ባናውለው እወዳለሁ። ቃሉ ባለቤቶች አሉት፤ የታመሙት።